መድኃኒታቸውን አቁመው የጠጡት ታካሚ፦ ከጥርስ ተከላ በኋላ አዳማ ላይ ያጋጠመ አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አዳማ ውስጥ በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ኢምፕላንት፣ ማለትም በጎደለ ጥርስ ምትክ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የብረት ሥር፣ ያስተከለ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ከመነሳቱ በፊት መጠጥ እንዳይጠጣ በቃል ይነገረዋል፤ በወረቀትም ተጽፎ ይሰጠዋል። ከዚህ በታች ጉዳያቸውን የማቀርበው ታካሚም ተነግሯቸዋል፣ ወረቀቱን ወስደዋል፣ ምክሩንም በገባቸው መንገድ አክብረዋል። ብዕር እንዳነሳ ያደረገኝ ይኸው ነው። ታካሚው ምክር የማይሰሙ ሰው ቢሆኑ ኖሮ «አልሰማ አሉ» ብዬ አልፈው ነበር፤ እሳቸው ግን ሰምተው፣ አስበው፣ ቀን ቆጥረው ነው የጠጡት። የስሌቱ መነሻ ደግሞ እኛው የነገርናቸው ቃል ነበር።

ታካሚው ጉዳያቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስማቸው፣ ትክክለኛ ዕድሜያቸውና የሚኖሩበት ሰፈር አልተጠቀሰም።

ታካሚው

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኙ፣ የግንባታ ዕቃ በመነገድ የሚተዳደሩ ባለትዳር ናቸው። ያደጉት ወንጂ መሆኑ አፋቸውን እንደከፈቱ ይታወቃል። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ ስላለበት፣ በልጅነታቸው ያንን ውሃ እየጠጡ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ቀለሙ ለተከላው እንቅፋት አይሆንም። እሳቸውም ቢሆኑ በመጀመሪያው ቀጠሮ ያነሱት ጥያቄ ስለ ሕመም ወይም ስለ ዋጋ ሳይሆን «አዲሶቹ ነጭ ይሁኑ ወይስ ወንጂን ይምሰሉ?» የሚል ነበር።

ከታች በግራ በኩል የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን የመንጋጋ ጥርሳቸውን ካስነቀሉ ዓመታት አልፈዋል። በቀኝ በኩል ብቻ ማኘክ ስለሰለቻቸው ሁለቱንም በኢምፕላንት ለመተካት ወሰኑ። ሲጋራ አያጨሱም፣ ጫት አይቅሙም። የጾም ስኳራቸው በዴሲ ሊትር 96 ሚሊ ግራም፣ የደም ግፊታቸው 130 በ85 ነበር። በሲቢሲቲ (መንጋጋን በሦስት ገጽታ በሚያሳይ መሣሪያ) የተነሳው ራጅ የአጥንቱ ስፋትም ሆነ ከነርቩ ያለው ርቀት በቂ መሆኑን አሳይቷል።

በመቀበያ ቅጻችን ላይ «አልኮል ይጠጣሉ?» ለሚለው ጥያቄ «አልፎ አልፎ» የሚል መልስ ሰፍሯል። በእኛ አገር ይህ መልስ ምንም አይነግርም። ለአንዱ በዓመት በዓል አንድ ብርሌ ጠጅ ማለት ነው፤ ለሌላው ከሰኞ እስከ ሐሙስ አለመጠጣት ማለት ነው። በዚያ ላይ ብዙ ሰው «አልኮል» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚታየው አረቄና ውስኪ እንጂ ቢራ አይደለም። ኋላ እንደተረዳነው ታካሚው በሥራ ቀናት ማታ ማታ ከጓደኞቻቸው ጋር ሁለት ድራፍት ይጠጡ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከዚያ በላይ። በእሳቸው አስተያየት ይህ መጠጣት አይባልም። እኔም «አልፎ አልፎ» የሚለውን አንብቤ፣ ስንት እንደሆነ ሳልጠይቅ ቅጹን ወደ ማኅደሩ መለስኩት።

ቀዶ ሕክምናውና የተሰጠው ምክር

ሥራው የተሠራው በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ፣ ረቡዕ ጠዋት ነበር። 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት የቲታኒየም ኢምፕላንቶች ገብተው፣ የመሸፈኛ ብሎን ተደርጎባቸው፣ ድዱ ሙሉ በሙሉ ተሰፍቶባቸዋል። የኋለኛው በ40 ኒውተን ሴንቲ ሜትር ኃይል ጠብቆ ቆመ። የፊተኛው 25 ላይ ቆሟል፤ ይህ ከምመኘው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ከድዱ ሥር ተሸፍኖ ያለ ጫና ለሚድን ኢምፕላንት ተቀባይነት አለው። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ ለደረሰው ነገር መጠጡን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አግባብ አይሆንም።

ታካሚው የሚከተሉት መድኃኒቶች ታዘዙላቸው፦ አሞክሲሲሊን 500 ሚሊ ግራም እና ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም፣ ሁለቱም በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን፤ ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የሚጉመጠመጡት ክሎርሄክሲዲን። የስፌት መፍቻ ቀጠሮ በአሥረኛው ቀን ተያዘ።

ስለ መጠጥ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ዓረፍተ ነገር «መድኃኒቱን በሚወስዱበት ጊዜ የአልኮል መጠጦችን ከመጠቀም ይቆጠቡ» የሚል ነበር። በቃልም ይህንኑ ደገምኩላቸው። ሜትሮኒዳዞል ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ፊት ሊያቀላ፣ ልብ ሊያስመታ፣ ሊያስመልስ እንደሚችል ጨምሬ ነገርኳቸው፤ ማስፈራራቱ ይጠቅማል ብዬ ነበር። መድኃኒቱን የገዙበት ፋርማሲ ደግሞ «ከጨረሱ በኋላም ሁለት ቀን ይታገሱ» ብሏቸዋል። እያንዳንዱ ምክር ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው።

በሠርጉ ሰሞን የሆነው

ጥር የሠርግ ወር ነው። የታካሚው የእህት ልጅ ሠርግ በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ማለትም ከቀዶ ሕክምናው በአራተኛው ቀን ነበር። ይህን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። የሙሽራዋ አባት በሕይወት ስለሌሉ እንግዳ የሚቀበሉት፣ የሚያስተናግዱት፣ «በሞቴ» እየተባለ የሚዘረጋላቸውንም ብርጭቆ ሁሉ የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ።

በወረቀቱና በፋርማሲው ምክር መሠረት እንዲህ አሰሉ፦ ጉዳቱ የሚመጣው መድኃኒትና መጠጥ ሲገናኙ ነው፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ለመውጣት ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ አርብ ማታ ካቆምኩ እሑድ ነጻ ነኝ። ሜትሮኒዳዞል በ8 ሰዓት ገደማ በግማሽ የሚቀንስ መድኃኒት ስለሆነ፣ ስሌታቸው ስለ መድኃኒቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ስህተት አልነበረበትም። አርብ ማታ ሁለቱንም አንቲባዮቲክ አቆሙ። ማስታገሻውን ግን አላቆሙትም፤ «እሱማ ማስታገሻ ነው» ብለው። ሊቀጥሉት የሚገባውን አቁመው፣ ከመጠጥ ጋር ጨጓራ የሚያደማውን ቀጠሉ ማለት ነው።

እሑድ ቢራና ውስኪ ጠጡ፤ ሰኞ መልስ ላይ ደግሞ ጠጅ። እሑድ ሌሊት ቁስሉ መጠዝጠዝ ሲጀምር አንዲት የቤተሰብ ወዳጅ «ዳግም» የሚባለውን፣ ሁለት ጊዜ የወጣ አረቄ አመጡላቸው። ጥርስ ሲያም አረቄ መያዝ በየቤቱ የታወቀ ነው። ታካሚው በግራ ጉንጫቸው በኩል እስኪያቃጥል ይዘው መትፋታቸውን፣ ይህንንም እስከ ማክሰኞ ማታ ስድስት ሰባት ጊዜ ያህል መደጋገማቸውን ነግረውናል። አንዳንዴ እንዳልተፉትም ኋላ አምነዋል።

በሰባተኛው ቀን ያገኘነው

ረቡዕ ከቀጠሯቸው ሦስት ቀን ቀድመው መጡ። በመካከላችን የነበረው ንግግር አጭር ነበር፤ እንዳለ አቀርበዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጠጥተው ነበር እንዴ?»

«ኧረ ዶክተር! መድኃኒት ላይ ሆኜ እንዴት እጠጣለሁ?»

«መድኃኒቱን ጨረሱት?»

«እሱንማ አርብ ማታ አቆምኩት። ሠርግ ነበረብኝ።»

እንዳልዋሹኝ የገባኝ ይህን ሲሉ ነው። ለጥያቄዬ በትክክል መልሰዋል፤ መድኃኒት ላይ ሆነው አልጠጡም።

ግራ ጉንጫቸው አብጧል፤ ሙቀታቸው 37.8 ዲግሪ ነበር። በውስጥ በኩል የጉንጩ ሥጋ አረቄው በተያዘበት ቦታ ልክ ነጭ ሆኖ ተልጧል፤ በሙቅ ሾርባ የተቃጠለ አፍ ይመስላል። ከፊተኛው ኢምፕላንት በላይ ያለው ስፌት ላልቶ ድዱ ተከፍቷል፤ በክፍተቱ የመሸፈኛው ብሎን ያብለጨልጫል። ጫን ሲሉት ቀጭን ደም ይወጣል፤ ሽታ ቢኖረውም መግል አልነበረም። የኋለኛው ስፌት በቦታው ነው። ሆዳቸውን እንደሚያቃጥላቸውም ነገሩን፤ ኢቡፕሮፌኑና መጠጡ በባዶ ሆድ ሲገናኙ የሚጠበቅ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቁስሉ በጨው ውሃ ታጠበ፤ የሞተው ሥጋ ተነሳ። ኢቡፕሮፌን ቆመ። በምትኩ ፓራሲታሞል ታዘዘ፤ መጠኑ ግን ለጤነኛ አዋቂ ከተፈቀደው 4 ግራም ወርዶ በቀን ከ2 ግራም እንዳይበልጥ ተደረገ፤ አዘውትሮ የሚጠጣን ሰው ጉበት ፓራሲታሞል በቀላሉ ሊጎዳው ስለሚችል ነው። አንቲባዮቲኩ ወደ አሞክሲሲሊን ክላቩላኔት ተቀየረ። ሜትሮኒዳዞልን ሆን ብዬ ተውኩት፤ ትናንት የጠጣ ሰው ዛሬ ሊጀምረው አይገባም፤ በተጨማሪም ለማቋረጥ ምክንያት የሆናቸው እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባደረግኳቸው ሁለት ነገሮች ተጸጽቻለሁ። የመጀመሪያው የተከፈተውን ድድ መልሼ ለመስፋት መሞከሬ ነው። ያበጠና የተቃጠለ ሥጋ ክር አይዝም፤ መርፌው ባለፈበት ሁሉ እየተቀደደ ክፍተቱ ከነበረው ሰፋ። በሚገባ አጽድቼ በራሱ እንዲሞላ መተው ነበረብኝ። ሁለተኛው ቁጣዬ ነው። ረዳቴና ሁለት ተራ ጠባቂዎች እየሰሙ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥተው» አልኩ። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ በአሥረኛው ቀን ቀጠሮም አልመጡም።

የመለሰቻቸው ረዳቴ ናት። ስለ ኢምፕላንቱ ምንም ሳታነሳ «ጋሼ፣ ሆድዎን ተሻለዎት?» ብላ ደወለች። በማግሥቱ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። በየማታው የሚጠጡት ሁለት ድራፍት የታወቀው ያን ቀን ነው፤ የተናገሩት ባለቤታቸው ሲሆኑ እሳቸው ፈገግ ብለው ዝም አሉ። ጠዋት እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ሳይጠጡ ሲቀሩ ላብ ወይም እንቅልፍ ማጣት ይኖር እንደሆነ፣ ራሳቸውን ስተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩ፤ አንዱም የለም። ይህ ጥያቄ ለጥርስ ሐኪም ሩቅ ይመስላል። ነገር ግን በየቀኑ ብዙ የሚጠጣን ሰው በድንገት «አቁም» ማለት መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ምልክቱ ያለበት ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ መላክ ይኖርበታል።

በዚህ ቀጠሮ ምክሩን በሌላ መልክ ሰጠሁ። የአሁኑ መድኃኒት ከቢራ ጋር ቢገናኝ እንደ ሜትሮኒዳዞሉ እንደማያስመልሳቸው በግልጽ ነገርኳቸው፤ ችግሩ ከመድኃኒቱ ጋር ሳይሆን ከቁስሉና ከአጥንቱ ጋር ስለሆነ መድኃኒቱ ቢያልቅም ቁስሉ እንደማያልቅ አስረዳሁ። «ታዲያ ይህን ለምን መጀመሪያ አልነገርከኝም?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ለአምስት ሳምንት ያህል አልጠጡም። ድዱ ቀስ በቀስ ሞላ፤ የጉንጩ ቁስል በአሥር ቀን ገደማ ጠፋ። በሰባተኛው ሳምንት የተነሳው ራጅ ግን በፊተኛው ኢምፕላንት ዙሪያ ጥቁር መስመር አሳየ፤ በመሣሪያ ሲነካም ተነቃነቀ። በማደንዘዣ ወጣ፤ ለመውጣት ምንም ኃይል አልፈለገም። የኋለኛው አጥንት ይዞ ቆሟል።

መጠጡ ምን አደረገ

ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ በጥንቸል አጥንት ላይ ካስተዋለና እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከተከለ ወዲህ፣ የኢምፕላንት ሕክምና የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ብረቱ እስኪዋሐድ ሳይነቃነቅና ሳይመረቅዝ መቆየት አለበት። በመጀመሪያው ቀን ብረቱን የያዘው ብሎን እንጨትን እንደሚይዝ ያለ ጥብቀት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነት በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን የተጎዳ አጥንት እየበላ አዲስ ይሠራል፤ አሮጌው ለቆ አዲሱ ገና ያልጠነከረበት፣ ብረቱ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ የሚላላበት ወቅት ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ታካሚ ደግሞ ሕመሙም እብጠቱም የሚጠፋለትና «ድኛለሁ» የሚለው ልክ በዚህ ጊዜ ነው።

አልኮል በዚህ ሂደት ውስጥ በብዙ በር ይገባል። የደም ሥር ያሰፋል፣ የደም መርጊያ ሕዋሳትንም ሥራ ያዳክማል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁስሉን የሸፈነው የረጋ ደም ይላላል። ሽንት ስለሚያበዛ ሰውነትን ያደርቃል፤ በአዳማ ሙቀት ላይ ሲጨመር አፍ ይደርቃል፣ ምራቅ ይቀንሳል። ባክቴሪያን የሚዋጉ የነጭ ደም ሕዋሳትን ያዘገያል። ቆየት ሲልም አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን ያዳክማል፤ ይህኛው በአንድ ቀን ሠርግ ሳይሆን በየማታው ድራፍት የሚመጣ ጉዳት ነው። ስለ መጠን ከተነሳ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ 45 በመቶ የሆነ አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ 14 ግራም ገደማ ነው። አንዱን «መጠጥ»፣ ሌላውን «ቢራማ ምን አለው» የሚያሰኝ ልዩነት በመካከላቸው የለም።

አረቄውን ለብቻ ማንሳት ያስፈልጋል። ታካሚው ለቁስሉ የሚጠቅም መስሏቸው ነው የያዙት፤ «እንዲያውም በአረቄ አጥቤዋለሁ» ሲሉኝ ምስጋና የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ጀርም ለመግደል ለእጅ ማጽጃ የሚውለው አልኮል ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፤ በየቤቱ የሚወጣው አረቄ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ጀርሙን በሚገባ ሳይገድል አዲስ የበቀለውን ስስ ሥጋ ለማቃጠልና ለማድረቅ ይበቃል። ሕመሙን ለጊዜው ማደንዘዙ እውነት ነው፤ ልማዱ የቆየውም በዚህ ይመስለኛል።

ፊተኛው ኢምፕላንት የወደቀው በመጠጡ ብቻ ነው ማለት አልችልም። ጥብቀቱ ከመጀመሪያው ዝቅተኛ ነበር፤ አንቲባዮቲኩ ተቋርጧል፤ እኔም መልሼ ስሰፋ ክፍተቱን አስፍቼዋለሁ። የኋለኛው ግን ያው ሰው አፍ ውስጥ፣ በዚያው ሠርግ ሰሞን ተርፏል። ልዩነቱ የበለጠ መጥበቁና ድዱ ሳይከፈት መቆየቱ ነው። መጠጡ ደካማውን መርጦ ጣለ ብል ይቀለኛል።

ሁለተኛው ተከላ

የኋለኛው ኢምፕላንት በበጋው ማብቂያ ክራውን፣ ማለትም በላዩ የሚገጠም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ተደረገለት። የፊተኛውን ቦታ አጥንቱ ከሞላ በኋላ ልንደግመው ተስማማን። ወጪውን በተመለከተ ክሊኒኩ የኢምፕላንቱን ዋጋ ቻለ፤ ታካሚው የመድኃኒቱንና የራጁን ከፈሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እሳቸው ጠጥተው እኛ እንክፈል?» ብሎ ተከራክሮኛል። ምክሩ በትክክል ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር።

ጊዜውን የመረጡት ታካሚው ናቸው። እኔ ጥቅምት ላይ ሐሳብ ሳቀርብ «ተወው፣ በሁዳዴ ይሁንልኝ» አሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሁዳዴን መጠጥ ሳይቀምሱ ይጾማሉ፤ በጾሙም ሠርግ የለም፣ «በሞቴ» የሚልም የለም። ይህ ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ስምንት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ይቀረዋል፤ አደገኛውን ወቅት አልፎ ይሸፍናል። የ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ቀን ሰኞ ገባ፤ ተከላው የተሠራው በዚያው ሳምንት ነው።

ሁሉም ጿሚ እንዲህ አይደለም። ቢራ ሥጋም ወተትም ስለሌለበት በጾም የሚጠጣ ሰው ብዙ ስለሆነ «ይጾማሉ?» ብሎ ጠይቆ መተው አይበቃም። ጾሙ የራሱም ችግር አለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆይ ሰው በየስምንት ሰዓቱ የሚዋጥ መድኃኒት አይመቸውም፤ ታካሚው የንስሐ አባታቸውን አስፈቅደው ለመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ቀመሱ። ፕሮቲን እንዳይጎድላቸው ሽሮና የምስር ክክ አዘወተሩ። ለስላሳ ስለሆነም ለቁስሉ ይስማማል፤ እየፈላ የሚቀርብ ተጋቢኖን ግን እንዲተዉት አደረግን፤ ሽሮው ለብ እስኪል እንዲጠብቁም ነገርናቸው።

በዚህ ጊዜ ሜትሮኒዳዞል አልታዘዘም። ኢምፕላንቱ በ35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር ቆመ። ረዳቴ በየሳምንቱ አርብ ከሰዓት ትደውል ነበር፤ በመጀመሪያው ተከላ ጊዜ ግን የደወልነው ከቀዶ ሕክምናው በማግሥቱ ሐሙስ ሲሆን፣ ያን ቀን ማንም ሰው «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ የሚለው የለውም። በመካከሉ አንድ ለቅሶ ቤት ጠላ ቀርቦላቸው «መድኃኒት ላይ ነኝ» ብለው እንዳለፉት ነገሩን። እንክብሉ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ይህን ቃል እንዲጠቀሙበት የመከርኳቸው እኔ ነኝ፤ በአገራችን የተዘረጋ ብርጭቆን ያለ ቅያሜ የሚመልስ ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም፤ የአፍ መጉመጥመጫውን ገና ይጠቀሙ ስለነበር ውሸትም አልነበረም።

ለሥራችን የወሰድነው

ከሁሉ በፊት የወረቀቱን ዓረፍተ ነገር ቀየርን። መድኃኒትና መጠጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዳይገናኙ ለያየናቸው። አንደኛው «መድኃኒቱን በምንም ምክንያት ሳይደውሉልን አያቁሙ» ይላል። ሌላው «መድኃኒቱ ቢያልቅም ቢቆምም ቢራ፣ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ወይን አይጠጡ፤ አረቄ በአፍዎ አይያዙ» ይላል፤ ከሥሩም እስከ መቼ እንደሆነ ቀኑ በእጅ ይጻፋል። ወረቀቱ አሁን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው። ስለ ቆይታው ሐኪሞች የሚሰጡት ገደብ ይለያያል፤ እኔ ለማንኛውም ታካሚ ሁለት ሳምንት፣ አዘውትሮ ለሚጠጣ ስምንት ሳምንት እጽፋለሁ። ሁለት ሳምንት እንደሚከብደው የነገረኝን ሰው አልቆጣም፤ ተከላውን አዘገያለሁ።

ቅጹም ተቀይሯል። «አልኮል ይጠጣሉ?» የሚለው ወጥቶ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቢራ ወይም ድራፍት፣ ስንት መለኪያ፣ ስንት ብርሌ?» የሚል ገብቷል። ጫት የሚቅም ሰው ከምርቃናው ለመውረድ የሚጠጣበት «ጨብሲ» የሚባል ልማድ ስላለ ሁለቱን አያይዘን እንጠይቃለን። ሰዎች ቁጥር ሲጠየቁ ቁጥር ይናገራሉ፤ ይህ አስገርሞኛል። ቀጥሎ «በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር ወይም ማኅበር አለብዎት?» የሚል ጥያቄ አለ። ካለ፣ ቀኑ የሚቀየረው የእኛ ቀጠሮ ነው፤ ሠርጉ አይቀየርም።

ሜትሮኒዳዞልን ለሁሉም ታካሚ በልማድ ማዘዝም ትተናል፤ በእርግጥ ሲያስፈልግ ብቻ ይታዘዛል። ያልተሳካልን ነገር ቢኖር ባለቤትን ወይም ልጅን ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ ማሳተፍ ነው። አንዳንዱ ታካሚ ይስማማል፤ አንዳንዱ ግን የሚጠጣውን መጠን ቤተሰቡ ፊት ስለማይናገር የቤተሰብ መኖር እውነቱን ይሸፍነዋል። አሁን መጀመሪያ ለብቻ ጠይቀን፣ ከዚያ ፈቃዱን አግኝተን ቤተሰብ እንጠራለን፤ ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም።

የመጨረሻ ሁኔታ

በሕማማት ሳምንት በተደረገው ምርመራ ድዱ ጤነኛ፣ ኢምፕላንቱም ጽኑ ነበር። በፋሲካ አንድ ብርሌ ጠጅ መጠጣታቸውን ራሳቸው ደውለው ነግረውናል። በ2017 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የተነሳው ራጅ አጥንቱ እስከ ኢምፕላንቱ አንገት መድረሱን ስላሳየ ክራውኑ ተገጠመ። ቀለሙን ከጎረቤቶቹ ጋር ለማስማማት ቴክኒሺያኑ ቡናማ ነጠብጣብ ሁለት ጊዜ ጨመረበት። ታካሚው በመስታወት ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ይኼኛው ወንጂ ነው» አሉ፤ የስድስት ወር ቀጠሯቸውንም ይዘው ሄዱ።